ከ«ፎርማት» በፊት፦ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ እንደ ምርምር ጥያቄ

መግቢያ

በድኅረ ምረቃ ትምህርት ላይ ያለን ተማሪዎች ስለ ናሙና አመራረጥ፣ ስለ መጠይቅ ዝግጅትና ስለ ስታቲስቲክስ ትንተና ለወራት እንማራለን። እነዚህን ሥራዎች ሁሉ ስለምንሠራበት መሣሪያ፣ ማለትም ስለ ላፕቶፓችን፣ የምንማረው ግን እምብዛም ነው። መሣሪያው እስከሠራ ድረስ ይህ ክፍተት አይታይም። ጎልቶ የሚታየው የመመረቂያ ጽሑፉ ሊገባደድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አሮጌው ላፕቶፕ አልነሳም ያለ ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ ከጓደኛም ሆነ ከጥገና ሱቅ በመጀመሪያ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ምክሩ በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ መምጣት ሲገባው መጀመሪያ ላይ መቀመጡን በመቃወም ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዲስክን አጽድቶ ሥርዓተ ክወናን እንደገና መጫን የችግሩን መንስኤ ሳይለይ ማስረጃውን ያጠፋል። ሁለተኛ፣ የአሮጌ ላፕቶፕ ችግር ከሥርዓተ ክወናው በታች ባሉ ክፍሎች ላይ ሊሆን ስለሚችል ዳግም ጭነቱ ራሱ ይከሽፋል። ሦስተኛ፣ በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ የተማሪው ንብረት ብቻ ሳይሆን በጥናቱ የተሳተፉ ሰዎች አደራ ጭምር ነው። ከእነዚህ በመነሳት፣ የላፕቶፕ እክልን በሥርዓት መመርመር የምርምር ሥነ ዘዴ ትምህርት አካል እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።

ጉዳዩን ወቅታዊ የሚያደርጉት ሁኔታዎች

የመጀመሪያው ሁኔታ የዊንዶውስ 10 የድጋፍ ዘመን ማብቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ይህ ሥርዓተ ክወና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት አካል፣ ዩኢኤፍአይ ፋየርዌር፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በፊት ለነበሩት ይፋዊ ድጋፍ አይሰጥም። የአሮጌ ላፕቶፕ ባለቤት እንግዲህ ወይ በቀድሞው ሥርዓተ ክወና ያለ ጥበቃ መቆየት፣ ወይም መቀየር አለበት። ዝግጅት የሌለው ቅየራ ደግሞ ደህና ይሠራ የነበረን ላፕቶፕ በመሐል መንገድ ሊያስቀረው ይችላል።

ሁለተኛው የዋጋ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንደመሆኑ «ይኼን ጥለህ አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር በራሱ ወጪ ለሚማር ተማሪ ምክር ሆኖ አይቆጠርም።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ እንደ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ በመስመር ኃይል ላይ ይንጠለጠላል። መብራት በጠፋ ቁጥር በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል፣ አንዳንዴም በመካሄድ ላይ ያለ የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ ይቋረጣል። ከእንዲህ ዓይነቱ መቋረጥ በኋላ አልነሳ የሚል ላፕቶፕ የግድ የተበላሸ አካል አለው ማለት አይደለም፤ የተጎዳው ሥርዓተ ክወናው የሚነሳባቸው ጥቂት ፋይሎች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ከዲስክ ብልሽት ሳይለዩ ሁሉንም አጽድቶ መጀመር ውድ አቋራጭ ነው።

«አልነሳም» ማለት ምን ማለት ነው?

«ላፕቶፑ አልነሳም አለ» የሚለው አገላለጽ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። ላፕቶፕ ሲነሳ በቅድሚያ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ ይደርሳል። ቀጥሎ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፋየርዌር ራምን፣ ስክሪንንና ሌሎች አካላትን የሚፈትሽበት የራስ ፍተሻ ይካሄዳል። በሦስተኛ ደረጃ ፋየርዌሩ ሥርዓተ ክወና የያዘውን ዲስክ ይፈልጋል። በአራተኛ ደረጃ «ቡት ሎደር» የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም ከርነሉን ወደ ራም ይጭናል። በመጨረሻም ከርነሉ ድራይቨሮችንና አገልግሎቶችን አስነስቶ የይለፍ ቃል የሚጠየቅበትን ገጽ ያቀርባል።

ሂደቱ የቆመበትን ደረጃ ማወቅ የመላምቶችን ብዛት ወዲያውኑ ይቀንሳል። ምንም መብራት የማያሳይ ላፕቶፕ ጉዳይ ከሥርዓተ ክወና ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሚፈተሹት ሶኬቱ፣ ቻርጀሩ፣ ባትሪውና ማዘርቦርዱ ናቸው። መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ከጨለመ ወይም ተደጋጋሚ የጩኸት ምልክት ከተሰማ ትኩረቱ ወደ ራምና ወደ ስክሪን ይዞራል፤ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጡ መሞከርና ላፕቶፑን ከሌላ ስክሪን ጋር ማገናኘት ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። የአምራቹ ዓርማ ታይቶ «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት ከመጣ ወደ ፋየርዌሩ ገጽ ገብቶ የዲስኩ ስም በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ስሙ ከሌለ ጥርጣሬው በዲስኩ ወይም በማገናኛው ላይ፣ ካለ ደግሞ በአነሳስ ቅንብሩ ወይም በአስነሺው ፕሮግራም ላይ ያርፋል። የዊንዶውስ ዓርማ ከታየ በኋላ የሚቆም ላፕቶፕ ደግሞ አራቱን ደረጃዎች አልፏል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ትንሽ መንስኤ ትልቅ ብልሽት መስሎ እንደሚታይ የማዘርቦርድ ባትሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ስትዳከም ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ በአሮጌ ሞዴሎች የፋየርዌሩ ቅንብርም ከፋብሪካ ወደወጣበት ሁኔታ ሊመለስ ይችላል። ዊንዶውስ በአንድ የአነሳስ ስልት ተጭኖ ሳለ ቅንብሩ ወደ ሌላው ከዞረ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ላፕቶፑ አይነሳም። እዚህ ላይ ፎርማት ማድረግ ችግሩን ለጊዜው የፈታ ቢመስልም መንስኤው እንዳለ ስለሚቀር እክሉ ተመልሶ ይመጣል።

መረጃን ከጥገና ማስቀደም

ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። ለዚህ ላፕቶፑ በራሱ መነሳት አይጠበቅበትም። እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሽ ተነስቶ የዲስኩን ፋይሎች ማንበብ ይችላል። ላፕቶፑ ከፍላሽም የማይነሳ ከሆነ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝ ይቻላል።

ዲስኩ ራሱ እየደከመ ከሆነ ግን ጥንቃቄው ይጨምራል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮችን አጥንተው ባወጡት ጽሑፍ፣ በቅኝት ወቅት የመጀመሪያ ስሕተት ያሳየ ዲስክ እንዲህ ያለ ስሕተት ካላሳየ ዲስክ ይልቅ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ በ39 እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያው ጥናት ከተበላሹት ዲስኮች መካከል ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ፣ ጠንካራ ናቸው ከተባሉት አራት የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፦ ማስጠንቀቂያ ሲታይ መዘግየት አይገባም፤ ማስጠንቀቂያ አለመታየቱም የጤንነት ዋስትና አይሆንም።

እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ሥርዓተ ክወና መጫን ወይም «ቼክ ዲስክ»ን የመሰለ በዲስኩ ላይ የሚጽፍ የጥገና ፕሮግራም ማስኬድ የቀረውን አቅም ይጨርሳል። የሚመረጠው እንደ ዲዲሬስኪው ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያ ደህና የሆኑትን ክፍሎች ገልብጦ ያስቸገሩትን መዝግቦ ይይዛል፤ ከዚያም ወደ እነርሱ ይመለሳል። እንደ መምታት ያለ ድምፅ የሚያሰማ ሃርድ ዲስክ ግን ወዲያውኑ መጥፋት አለበት፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ጉዳቱን ያብሳል።

በዚህ ክፍል ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው ምስጠራ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ የፋየርዌር ቅንብርን መቀየር ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ በእጅ ሳይኖር ቅንብር መነካካት በር ቆልፎ ቁልፉን እንደመወርወር ነው። ሁለተኛው የዲስኩ ዓይነት ነው። በሃርድ ዲስክ ላይ ፈጣን ፎርማት ከተደረገ በኋላ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ መረጃን መልሶ የማግኘት ተስፋ አለ። በኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የተባለው ትእዛዝ ቦታዎቹ ነፃ መሆናቸውን ለዲስኩ ስለሚያሳውቅ ይህ ተስፋ እጅግ ይመነምናል። ሦስተኛው በተለይ በአማርኛ፣ በትግርኛና በግዕዝ ሰነዶች ላይ የሚሠሩትን ይመለከታል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩኒኮድን ባልተከተሉ ፎንቶች የተጻፉ ቆየት ያሉ ሰነዶች ፎንቱ ከሌለ የሚታዩት ትርጉም አልባ ምልክቶች ሆነው ነው። ስለዚህ ሰነዱን ገልብጦ ፎንቱን መተው ግማሽ ሥራ ነው፤ የፎንት ማኅደሩም አብሮ መቀመጥ አለበት።

ዳግም ጭነት ሲከሽፍ

ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ላፕቶፑ አዲሱን ሥርዓተ ክወና አልቀበልም ሲል ነው። በእኔ አመለካከት ይህ እምቢታ የምርመራው መጨረሻ ሳይሆን ጠቃሚ ግኝት ነው። በአዲስ የተተካ ሶፍትዌር ተመሳሳይ እክል ካሳየ ቀድሞ የነበረው ሶፍትዌር ዋና ተጠርጣሪነቱ ይቀንሳል፤ ቀሪዎቹ ተጠርጣሪዎች የመጫኛው ፍላሽ፣ የፋየርዌሩ ቅንብር፣ ዲስኩና ራሙ ናቸው።

ከእነዚህ በቀላሉ የሚፈተሸው ፍላሹ ነው። በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ፋት32 በተባለው የፋይል ሥርዓት ነው፤ ይህ ሥርዓት ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የቅርብ ዘመን የዊንዶውስ መጫኛዎች ዋና ፋይል ከዚህ መጠን ሊበልጥ ስለሚችል በእጅ የተገለበጠ መጫኛ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ፍላሹን እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም ማዘጋጀት፣ የወረደውን ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር አምራቹ ካወጣው ጋር ማመሳከርና ፍላሹን በሌላ ደህና ላፕቶፕ ላይ መሞከር ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

ቀጥሎ የአነሳስ ስልት አለመጣጣም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣው ባዮስ የዲስክን ክፍልፋዮች የሚያውቀው ኤምቢአር በተባለው ስልት ነው፤ ዩኢኤፍአይ ደግሞ ጂፒቲን ይዞ መጥቷል። በሽግግሩ ዘመን የተሠሩ በርካታ ላፕቶፖች ሁለቱንም ስለሚደግፉ ግራ መጋባቱ በእነርሱ ላይ ይበረታል። በዩኢኤፍአይ የተነሳ የዊንዶውስ መጫኛ ኤምቢአር የሆነን ዲስክ፣ በቀድሞው ስልት የተነሳው ደግሞ ጂፒቲ የሆነን ዲስክ አይቀበልም። በየሱቁ የተለመደው መፍትሔ ክፍልፋዮቹን ሁሉ መሰረዝ ነው። ይሁን እንጂ ፍላሹ የሚነሳበትን ስልት ከዲስኩ ጋር ማስማማት ብቻ ሊበቃ ይችላል። በዊንዶውስ 10 የ1703 ዕትም የመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ የተባለ መሣሪያም መረጃ ሳይሰርዝ ዲስኩን መለወጥ ያስችላል።

ፍላሹም ቅንብሩም ትክክል ሆነው ጭነቱ በየሙከራው በተለያየ ቦታ ከቆመ ራሙን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሜምቴስት86+ን ሌሊቱን ሙሉ አስኪዶ ማደር ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ብቻ መቀየርና ውጤቱን በማስታወሻ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሮ የተነሳ ላፕቶፕ የትኛው ለውጥ እንዳስነሳው አይነግረንም፤ ነገ ተመልሶ ሲቆምም እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን።

የመረጃ ሰጪዎች አደራ

እስካሁን ያነሳሁት የተማሪውን ጥቅም ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የጥናቱ ተሳታፊዎች ጉዳይ ነው። ቃለ መጠይቅ ስናደርግ ስማቸውና ድምፃቸው በምስጢር እንደሚያዝ ቃል ገብተን በስምምነት ቅጹ ላይ እናስፈርማለን። ከዚያ በኋላ ያንኑ ድምፅና ስም የያዘውን፣ ያልተመሰጠረ ዲስክ ከእነላፕቶፑ ለማናውቀው ሰው ሰጥተን «ነገ እመለሳለሁ» ብለን እንሄዳለን። ጠጋኙ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ቃሉን የገባነው እኛ እንጂ እርሱ አይደለም። የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎችን፣ የጾታዊ ጥቃት ተጎጂዎችን ወይም የተፈናቀሉ ሰዎችን የሚያጠና ተማሪ ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይገባም።

አደራው በሌላ መንገድም ይጓደላል። መረጃው ሲጠፋ ተሳታፊዎቹ የሰጡት ጊዜና የነገሩን ሕመም አብሮ ይባክናል። ወደ እነርሱ ተመልሶ «እባካችሁ እንደገና ንገሩን» ማለት ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም፤ በሚቻልበትም ጊዜ ፍትሐዊነቱ ያጠራጥራል።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። የማስረከቢያ ቀን የደረሰበት ተማሪ ደረጃ በደረጃ የሚመረምርበት ፋታ የለውም ይባላል። ነገር ግን መረጃን መገልበጥ የሚወስደው ሰዓታት ሲሆን መረጃን እንደገና መሰብሰብ የሚወስደው ወራት ነው። ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ ላይም ሊብሬኦፊስን ከፍቶ ጽሑፉን መቀጠል ስለሚቻል ሥራው የግድ አይቆምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው የሚል ነው። ማዘርቦርድ መበየድ በእርግጥ የባለሙያ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ታካሚ ራሱን ባያክምም የሕመሙን ምልክት ለሐኪም መግለጽ ይጠበቅበታል። እክሉ የቆመበትን ደረጃ ለይቶ፣ ዲስኩን አውጥቶ ወይም ገልብጦ የሚመጣ ደንበኛ የጠጋኙን ሥራም ያቀላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ አሮጌ ላፕቶፕን ማስታመም ለደኅንነት አደጋ መጋለጥ ነው የሚል ነው። ድጋፍ የተቋረጠበትን ሥርዓተ ክወና እየተጠቀሙ ኢንተርኔት ላይ መቆየት እኔም የምመክረው አይደለም። ሆኖም አሮጌው ላፕቶፕና አሮጌው ሥርዓተ ክወና አንድ አይደሉም። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው የኡቡንቱ ዕትሞች የ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ አላቸው፤ አር እና ዞቴሮም በሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። ማዘርቦርዱ የተበላሸ ወይም ለጥናቱ የግድ የሆነ ሶፍትዌር የማይሸከም ላፕቶፕ ግን በክብር ሊሰናበት ይገባል። የምርመራው አንዱ ጥቅም ይህን ውሳኔ በግምት ፋንታ በማስረጃ መወሰን ማስቻሉ ነው።

የቀረቡ ሐሳቦች

ከላይ ከተነሱት በመነሳት አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በምርምር ሥነ ዘዴ ኮርስ ውስጥ ስለ መረጃ አጠባበቅና ስለ መሣሪያ እክል ምርመራ ቢያንስ አንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ይመደብ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የተረጋገጠ የማስነሻ ፍላሽ፣ የዲስክ ማገናኛና አንድ የውጭ ዲስክ ለተማሪዎች በውሰት ያቅርብ፤ የእነዚህ ዋጋ ከአንድ ላፕቶፕ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ሦስተኛ፣ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች በሚመረምሩት ንድፈ ጥናት ላይ «መሣሪያው ቢበላሽ የተሳታፊዎቹ መረጃ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ይጨምሩ። አራተኛ፣ ተማሪው ራሱ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱን ከመኖሪያው ውጭ የማስቀመጥን ልማድ ያዳብር፤ ቅጂዎቹም የተመሰጠሩ ይሁኑ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ ሁሉ የሚቀለው ይህ ልማድ አስቀድሞ ሲኖር ነው።

ማጠቃለያ

መንስኤን ከምልክት መለየት፣ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ መቀየር፣ ማስረጃን መጠበቅና ውጤትን መመዝገብ በየኮርሱ የምንማራቸው መርሆዎች ናቸው። እነዚህን በናሙናችን ላይ አጥብቀን እየተከተልን ናሙናውን በያዘው ዲስክ ላይ የምንዘነጋቸው ከሆነ ትምህርቱ ገና ወደ እጃችን አልደረሰም። አልነሳ ያለ ላፕቶፕ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን እንጫንበት?» ተብሎ ሳይሆን «የት ላይ ቆመ? በውስጡስ የማን አደራ አለ?» ተብሎ ነው። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከተገኘ በኋላ ፎርማት ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ያለ ሥጋት ይደረግ።